የኋላ ወንበር ቫዮሊኖች

አዲስ አበባ ለቫዮሊን የምትመች ከተማ አይደለችም። ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ተቀምጣለች፤ ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፣ ቀኑ ያደርቃል። በእነዚያ ወራት የቫዮሊኑ እንጨት ይኮማተራል። ክሮቹ የሚጠመዘዙባቸው ቁልፎች ቀዳዳቸውን አይሞሉም፤ ማታ ተቃኝቶ ሳጥን ውስጥ የገባ ቫዮሊን ጠዋት ሲወጣ አራቱም ክሮች ረግበው ይገኛሉ። ክረምት ሲገባ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። እንጨቱ እርጥበት ጠጥቶ ያብጣል፣ ቁልፉ አልዞርም ይላል፣ በጉልበት ሲጠመዝዙት ክሩ ይበጠሳል። እኔ በተማርኩበት ዘመን፣ በሰባዎቹ፣ አንዲት የተበጠሰች የ«ሚ» ክር ለመተካት ከውጭ የሚመጣ ዘመድ መጠበቅ ነበረብን።

ጋሼ፣ እኛ ተማሪዎቻቸው የምንጠራቸው በዚህ ብቻ ነበር፣ በደረቁ ወራት ከኮታቸው ኪስ ጠመኔ አይለያቸውም ነበር። የሚንሸራተተውን ቁልፍ ነቅለው ጠመኔ ያሹበትና መልሰው ይሰኩታል፤ ያን ጊዜ ይይዛል። ልምምድ ከመጀመሩ በፊት ሃያ ያህል ቫዮሊን አንድ በአንድ ጭናቸው ላይ እያስቀመጡ ይቃኙ ነበር፤ መጀመሪያ «ላ»ን፣ ከዚያ «ሬ»ን፣ ከዚያ «ሶል»ን፣ በመጨረሻ «ሚ»ን። የመጨረሻውን ቃኝተው ሲጨርሱ የመጀመሪያው እንደገና ወርዶ ይቆያል። ሲቆጡ አላየሁም። መልሰው ይጀምራሉ።

ስማቸውን አልጽፍም። ለክብር ተብሎ ስማቸው እንዲነሣ የማይወዱ ሰው ነበሩ፤ ካረፉ በኋላም ይህንኑ ማክበር ይገባኛል። ስለ ሥራቸው ግን መጻፍ አለብኝ፤ ያ ሥራ ከእሳቸው ጋር ተቀብሮ እንዲቀር አልፈልግም።

ቫዮሊን በአገራችን የኖረበት ዘመን አጭር ነው፤ ጋሼ ግን እንደ ዘር ሐረግ ይቆጥሩት ነበር። እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን ሁልጊዜ ያነሡ ነበር። ዓለም በፒያኗቸው ነው የሚያውቃቸው፤ በልጅነታቸው ስዊዘርላንድ በአዳሪ ትምህርት ቤት ሳሉ ግን ቫዮሊንም ተምረዋል። ከጣሊያን ወረራ በኋላ ካይሮ ሄደው ፖላንዳዊው ቫዮሊኒስት አሌክሳንደር ኮንቶሮቪች ዘንድ ሲማሩ በየቀኑ ቫዮሊንም ፒያኖም ይለማመዱ ነበር። ኮንቶሮቪች ከእሳቸው ጋር አዲስ አበባ መጥቶ የክብር ዘበኛን የሙዚቃ ክፍል እንዲመራ ተሾመ። ከዚያ በኋላ የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ተቋቋመ፤ የመጀመሪያ ዳይሬክተሩ አሸናፊ ከበደ ነበሩ፤ አሜሪካ ኢስትማን የሙዚቃ ትምህርት ቤት ተምረው የመጡ፣ «እረኛው ባለዋሽንት» የተባለውን የኦርኬስትራ ድርሰት የጻፉ ሰው። ጋሼ ያሬድ የገቡት ከዚያ በኋላ ነው። ያስተማሯቸውም ከቡልጋሪያ የመጡ መምህር ነበሩ።

ስለዚያ ቡልጋሪያዊ ሲያወሩ ድምፃቸው ይለወጥ ነበር። ሰውዬው አማርኛ አያውቅም፤ ጋሼም ቡልጋርኛ አያውቁም። የክሮይዘርን 42 ልምምዶች አብረው የዘለቁት በእጅና በጆሮ ነበር። መምህሩ በአገሩ ባህላዊ ሙዚቃ ውስጥ 5 እና 7 ምት ያላቸው ዘፈኖች ስላሉ፣ የእኛን ምት ሲሰማ እንደ ሌሎቹ ፈረንጆች ግራ አልተጋባም። የአገሩን ሰው የፓንቾ ቭላዲገሮቭን «ቫርዳር» ይጫወትላቸውና፣ ከዚያ «አሁን አንተ ያንተን» በሚል ምልክት ቫዮሊኑን ያቀብላቸው ነበር። ጋሼ ያኔ የሚጫወቱት ነገር አልነበራቸውም። የሚያውቁት ዜማ ሞልቷል፤ ለቫዮሊን የተጻፈ የአገራቸው ሙዚቃ ግን በእጃቸው አልነበረም። ያ ባዶ እጅ ዕድሜ ልክ ያሠራቸው ይመስለኛል።

ከያሬድ ሲመረቁ ማታ ማታ በአንድ ቴአትር ቤት ኦርኬስትራ ውስጥ ይጫወቱ ጀመር። ደህና ደመወዝ፣ ጭብጨባ፣ ስም ያለው እዚያ ነበር። ቀን ደግሞ በአንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት የሙዚቃ መምህር ሆነው ተቀጠሩ። ብዙዎቹ ጓደኞቻቸው የቀኑን ሥራ የሚይዙት የማታው እስኪደላደል ነበር፤ ጋሼ ግን የማታውን ለቀኑ ሲሉ ያዙት። ከቴአትር ቤቱ ያገኟቸውን አሮጌ የኖታ ማስቀመጫዎች፣ ለቡድኑ ሲታደል የተረፈ የደጋን ሙጫ፣ ግማሽ የተጻፈበት የኖታ ወረቀት፣ ሁሉንም ወደ እኛ ያመጡት ነበር። ቫዮሊኖቹ እራሳቸው በእርዳታ የመጡ ነበሩ፤ አብዛኞቹ ቻይና ሠራሽ፣ መጠናቸው የተደበላለቀ፣ ለትንሽ ልጅ የሚሆነው ሩብና ግማሽ የሚባለው ጥቂት፣ ሙሉው ብዙ። እጁ አጭር የሆነ ልጅ ሙሉ ቫዮሊን ሲይዝ ክንዱ ተዘርግቶ ያልቃል። ጋሼ ለእንዲህ ያለው ልጅ ወንበሩን ከግድግዳ ጋር አስጠግተው የቫዮሊኑን ጭንቅላት ግድግዳው እንዲደግፍለት ያደርጉ ነበር።

ትምህርቱ በፈረቃ ስለነበር ልምምድ የምናደርገው ፈረቃችን ባልሆነ ጊዜ ነው። የጠዋቶቹ ከሰዓት ይመጣሉ፤ የከሰዓቶቹ ጠዋት። ኦርኬስትራው በሙሉ የሚገናኘው ቅዳሜ ብቻ ነበር። ስለዚህ በሳምንቱ ውስጥ ግማሹ ኦርኬስትራ ሌላውን ግማሽ ሳይሰማ ይለማመዳል። የሌለውን ግማሽ ጋሼ በራሳቸው ቫዮሊን ይሞሉት ነበር፤ አንዴ ዋናውን ዜማ፣ አንዴ የቼሎውን መስመር ከፍ አድርገው። ልጅ ሆኜ ይህን እንደ ቀላል ነገር ነበር የማየው። ሥራውን ከሚያውቁ ሰዎች ጋር ሳወራ ነው ምን ያህል ከባድ እንደሆነ የገባኝ፤ ሌሎችን እያዳመጡ፣ እያረሙ፣ በዐይን እየጠቀሱ፣ የጎደለውን መስመር ከሐሳብ አውጥቶ መጫወት።

አሁን ስለ ዋናው ጉዳይ ልናገር፤ ጋሼ ቫዮሊን ያስጀመሩን በምን ነበር? የአውሮፓ መጻሕፍት ጀማሪን በሙሉ ስኬል ያስጀምራሉ፤ አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ጣት በተርታ። ጋሼ በቅኝት አስጀመሩን። ምክንያታቸውም ስሜት ብቻ አልነበረም፤ የጣት ሒሳብ ነበር። ከ«ሬ» የተነሣ ትዝታ ድምፆቹ ሬ፣ ሚ፣ ፋ ዲየዝ፣ ላ እና ሲ ናቸው። «ሬ» ባዶ ክር ነው። «ሚ» አንደኛ ጣት፣ «ፋ ዲየዝ» ሁለተኛ ጣት። «ላ» ቀጣዩ ባዶ ክር ነው፤ «ሲ» ደግሞ እዚያው ክር ላይ አንደኛ ጣት። አምስቱ ድምፆች በሁለት ጣትና በሁለት ባዶ ክር ያልቃሉ። ቫዮሊን ከያዘ ገና ጥቂት ሳምንት የሆነው ልጅ እናቱ የምታውቀውን ዜማ ቤት ሄዶ ያሰማታል።

ከትዝታ በኋላ ባቲ ይመጣል። ባቲ ሦስተኛውን ጣት ይጠይቃል፤ «ሶል» ላይ መውረድ አለበት። ቀጥሎ አምባሰል ነው፤ አምባሰል አንደኛው ጣት ወደ ኋላ እንዲሳብ ያስገድዳል፤ «ሚ» ቤሞል ትሆናለችና። የመጨረሻው አንቺ ሆዬ ነው። አንቺ ሆዬ ውስጥ «ላ» ወደ ቤሞል ስለምትወርድ ባዶው ክር አይጠቅምም፤ ትንሿና ደካማዋ አራተኛ ጣት «ሬ» ክር ላይ ማረፍ አለባት። ያ ብቻ አይደለም፤ አንደኛው ጣት በአንዱ ክር ወደ ኋላ ተስቦ፣ በሌላው ክር በቦታው ይቆማል። ይህን ያለስሕተት የተጫወተ ልጅ የግራ እጁ ተሠርቷል ማለት ነው። አራቱ ቅኝቶቻችን፣ በዚህ ተራ ከተደረደሩ፣ የቫዮሊን የመጀመሪያ ዓመት ትምህርት ናቸው። ይህን ከመጽሐፍ አላገኙትም። ቀን እያስተማሩ፣ ማታ እያሰቡ ያገኙት ነው፤ ዛሬም ቢሆን ከዚህ የተሻለ የአገር ልጅ ማስጀመሪያ አላየሁም።

አንድ ጊዜ የመሲንቆ ተጫዋች አመጡልን። አዛውንት አዝማሪ ናቸው፤ ጋሼ ከየት እንዳገኟቸው አላውቅም። ክፍሉ መሀል በርጩማ ላይ አስቀመጧቸውና እኛን ዙሪያቸውን አቆሙን። መሲንቆ አንድ አውታር ነው ያለው፤ እሱም የፈረስ ጭራ፤ ደጋኑም የፈረስ ጭራ። ደጋኑን ዕጣን ሲያሹበት አይተን «ጋሼ፣ የእኛ ሙጫ!» ብለን ጮኽን። ጋሼ ግን እንድናይ የፈለጉት ሌላ ነበር። የአዝማሪው ጣቶች አንገቱ ላይ የሚያርፉበት ምንም ምልክት የለም፤ መስመር የለም፣ ነጥብ የለም። አራቱንም ቅኝት በዚያች አንዲት አውታር ላይ ያለ ምልክት ያወጡታል። «አባባ፣ ጣትዎ የት እንደሚያርፍ በምን ያውቃሉ?» ብለው ጠየቋቸው ጋሼ። አዝማሪውም በጥያቄው ተገርመው፣ «ሲያርፍ ይሰማላ!» አሉ።

ከዚያ ቀን በኋላ ማናችንም ቫዮሊናችን ላይ ምልክት እንዲደረግልን አልጠየቅንም።

ይህን የማነሣው ልጄ አሁን ሜሪላንድ ውስጥ፣ በሕዝብ ትምህርት ቤት፣ በአራተኛ ክፍሏ ቫዮሊን ስለጀመረች ነው። የሷ ቫዮሊን ጣት የሚያርፍበት ቦታ ላይ ባለቀለም ፕላስተር ተለጥፎበታል። መምህርቷን አልወቅሳትም፤ ከትምህርት ቤት ወደ ትምህርት ቤት እየዞረች ብዙ ልጆችን በአጭር ጊዜ ማድረስ ያለባት ሴት ናት፤ ፕላስተሩ ይረዳታል። እኔ ግን ማታ ማታ ልጄን ዐይኗን ጨፍና ትዝታን እንድትጫወት አደርጋታለሁ። በሁለት ጣትና በሁለት ባዶ ክር።

ጋሼ ለኦርኬስትራችን የሚጽፉት ኖታ በእጃቸው ነበር፤ ጥቁር ቀለም፣ ቀጥ ያለ ጽሕፈት፣ በየገጹ አናት የልጁ ስም። የክፍሉ ስም አይደለም፤ የልጁ። «ሁለተኛ ቫዮሊን» ብሎ መጻፍ ሲቻል የእያንዳንዱን ልጅ ስም ይጽፉ ነበር፤ ምክንያቱም እያንዳንዱ ልጅ የሚጫወተው ለእሱ የተጻፈውን ስለነበር ነው። አራተኛ ጣቷ የጠነከረች ልጅ አራተኛ ጣት ያለበት ትጫወታለች። ደጋኑን ገና ቀጥ አድርጎ መሳብ ያልቻለ ልጅ ክሩን በጣቱ የሚመታበት ይሰጠዋል። ይህ ብዙ ሥራ ነው። አንድ ባቲ ለሃያ ልጅ መጻፍ ሃያ ባቲ መጻፍ ነው።

በኋላ ወንበር የሚቀመጥ አንድ ልጅ ነበር። ግራ እጁ በልጅነቱ ተሰብሮ በደንብ ስላልተጠገነ ጣቶቹ አይታዘዙትም። በሌላ ኦርኬስትራ ቢሆን ከበሮ ይሰጡት ነበር፤ ወይም ያሰናብቱት ነበር። ጋሼ በባዶ ክር ብቻ የሚጫወተውን መስመር ጻፉለት፤ «ሬ» እና «ላ»፣ በጣት የሚመታ፣ በስድስት ስምንተኛ፣ ችክችካውን የሚሸከም። ከኦርኬስትራው ሁሉ እሱ ብቻ ነበር ያንን ምት የያዘው። ቅዳሜ ዕለት አርፍዶ ከመጣ ሁላችንም እንበታተናለን፤ አንደኛ ቫዮሊኖቹ ይሮጣሉ፣ ቼሎው ወደ ኋላ ይቀራል። ስለዚህ ኦርኬስትራው በሙሉ በሩ ላይ ቆሞ እሱን ይጠብቅ ነበር። በወላጆች በዓል ዕለት አዳራሹ ሞልቶ ስንጫወት፣ እናቱ ከፊት ወንበር ልጇ የት እንዳለ ስትፈልግ አየኋት፤ ከኋላ ስለነበር አልታያትም። የሰማችው ግን እሱን ነው፤ አዳራሹ የሚያጨበጭበው በእሱ ምት ነበርና።

ጥሩ ተማሪን ጎበዝ ማድረግ ለመምህር የሚከብድ አይመስለኝም፤ እሱ በራሱም ይሄዳል። ኦርኬስትራን ደካማው ልጅ የሌለ ቀን እንዲፈርስ አድርጎ መጻፍ ግን የሙዚቃ ዕውቀትም የልብ ስፋትም ይጠይቃል። ጋሼ ሁለቱም ነበሯቸው፤ ሁለቱንም በአንድ ወረቀት ላይ አዋሏቸው።

ሰው ሁሉ የሚረሳው አንድ ነገር አለ። ቫዮሊኒስት ጆሮው ሥራው ነው። ያ ጆሮ በቀን ስድስት ሰባት ሰዓት የተሳሳተ «ፋ ዲየዝ» ሲሰማ ይውላል። የሚፋቅ ደጋን፣ የወረደ ክር፣ ያልደረሰ ጣት። ለብዙ ዓመት እንዲህ የሰማ ጆሮ ይደነዝዛል፤ ወይ ደግሞ ይመረዋል። ጋሼ ጆሯቸውን የሚጠብቁበት መንገድ ነበራቸው። ጠዋት ተማሪ ሳይመጣ፣ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ በሩን ሲከፍት ይገቡና፣ ባዶው ክፍል ውስጥ ባህ እ.ኤ.አ. በ1720 ለብቸኛ ቫዮሊን ያሰናዳቸውን ሶናታና ፓርቲታዎች ይጫወቱ ነበር። በጊዜ የደረስን አንዳንዶቻችን በረንዳው ላይ ቁጭ ብለን እናዳምጥ ነበር። በአራት ክር ላይ ሁለት ሦስት ድምፅ በአንድ ጊዜ ይንቀሳቀሳል፤ አንዱ ሲጠይቅ ሌላው ይመልሳል። አንዳንዴ መሀል ላይ አቁመው አንዲቱን ድምፅ እየደጋገሙ ይፈልጓታል፤ እኛ ትክክል ነች ያልናትን። ትልቅ ሰው፣ መምህር፣ የቴአትር ቤት ቫዮሊኒስት፣ ገና ይፈልግ ነበር። ከዚያ ደወሉ ሲደወል በሩን ከፍተው «ግቡ» ይሉንና ቫዮሊኖቻችንን መቃኘት ይጀምራሉ።

መንግሥት ሲለወጥ የሙዚቃ ክበቡ ቀረ። ማንም በክፋት አልዘጋውም፤ በጀት የለም፣ ክፍሉ ለሌላ ትምህርት ያስፈልጋል ተባለ። ቫዮሊኖቹ ዕቃ ግምጃ ቤት ገቡ፤ ከተሰበሩ ዴስኮች ጋር። ጋሼ ሌላ ትምህርት ቤት ተዛወሩ። ግን ኅዳር በመጣ ቁጥር ወደ ድሮው ትምህርት ቤት ሄደው የግምጃ ቤቱን ቁልፍ እንዲሰጧቸው ይለምኑ ነበር። ገብተው ምን ያደርጋሉ? ሳጥኖቹን እየከፈቱ እርጥብ ጨርቅ ያስቀምጣሉ፤ እንጨቱ በድርቀት እንዳይሰነጠቅ። ማንም የማይጫወትባቸውን ቫዮሊኖች። ግምጃ ቤቱን የሚጠብቁት ሴትዮ በኋላ ላይ ራሳቸው ጨርቁን ማርጠብ ጀምረው ነበር ይባላል።

እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣውን፣ ሜሪል ስትሪፕ የተወነችበትን «ሚዩዚክ ኦቭ ዘ ሃርት» ፊልም ያየሁት አሜሪካ ከመጣሁ በኋላ ነው። ፊልሙ የእውነተኛ ሰው ታሪክ ነው። ሮቤርታ ጓስፓሪ እ.ኤ.አ. ከ1980 ጀምሮ ኒው ዮርክ ኢስት ሃርለም ውስጥ ባሉ የሕዝብ ትምህርት ቤቶች ቫዮሊን አስተምራለች፤ የጀመረችውም ራሷ በገዛቻቸው 50 ቫዮሊኖች ነው። በ1991 በጀት ሲቆረጥ ሥራዋ ተሰረዘ። እሷ ግን አልተወችም፤ ወላጆችን አስተባብራ ገንዘብ አሰባሰበች፤ በ1993 እነ አይዛክ ስተርንና ኢትዛክ ፐርልማን ከተማሪዎቿ ጋር በካርኔጊ ሆል መድረክ ላይ ተጫወቱ። ፊልሙ እዚያ ሲያልቅ በእንባ ነበር ያየሁት። ያለቀስኩት ግን ለካርኔጊ ሆል አይደለም። ልጆቹን ስታስተምር፣ የአንዱን ክርን በእጇ ከፍ ስታደርግ፣ የሌላውን ትከሻ ስታስተካክል፣ ያን እንቅስቃሴ አውቀው ነበር። ጋሼ ደውለው የሚጠሯቸው ታላላቅ ስሞች አልነበሯቸውም፤ በዓለም ላይ አብዛኞቹ የትምህርት ቤት ኦርኬስትራ መምህራንም የሏቸውም። ሥራው ግን ያው ነው፤ ክርን ከፍ፣ ትከሻ ዝቅ፣ እንደገና።

ጋሼ ሲያርፉ ቤተሰባቸው የኖታውን ሳጥን ከፈተ። ብዙው አልነበረም። ለካ ኖታውን ለእኛ ሰጥተውን ኖሯል፤ ስማችን ተጽፎበት ስለነበር የእኛ ነው ብለው። ስለዚህ አሁን እየሰበሰብን ነው። ያሬድ የገቡ ሁለት የክፍል ጓደኞቼ አዲስ አበባ ያለውን ያሰባስባሉ፤ እኔ በዲሲ አካባቢና በሌሎች ከተሞች ያሉትን። አንዷ የአንቺ ሆዬን የአንደኛ ቫዮሊን ኖታ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ አስቀምጣው አገኘነው። ሌላው ወረቀቱ ጠፍቶበት ፎቶግራፍ ተገኘ፤ ፎቶግራፉ ላይ ከፊቱ የተቀመጠው ኖታ በማጉያ ይነበባል። ወረቀቱ ኮምፒውተር ውስጥ ሲገባ የልጆቹ ስም እንዳለ እንዲቀር ተስማምተናል፤ የሚጫወተው ልጅ ስሙን ከእነሱ ሥር ይጽፋል።

የባቲው የኋላ ወንበር መስመር ግን የትም አልተገኘም። ልጁ አሁን ዳላስ ነው፤ ልጆች አሉት፤ ቫዮሊን ከያዘ ዘመን ሆኖታል። ስልክ ደወልኩለት። «ወረቀቱማ ከአገር ስወጣ ቀረ» አለኝ። «ግን ቆይ» ብሎ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ፣ በጣቱ ጠረጴዛውን እየመታ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ሬ፣ ላ፣ ላ…» እያለ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አስጻፈኝ። መሀል ላይ አንድ ቦታ አራት ምት ዝም ብሎ ቆጠረና፣ «እዚህ ጋ ጋሼ ለእኔ ብቻ ዕረፍት ሰጥተውኛል፤ እናንተ ትጫወታላችሁ፣ እኔ እሰማችኋለሁ» አለኝ። ከአንደኛ ቫዮሊኖቹ ጋር አስተያየነው፤ በትክክል ይገጥማል። አሁን ባቲው ሊሟላ የቀረን የቼሎው ሁለተኛ ገጽ ነው፤ ያለውም በመቀሌ ከሚኖር የክፍል ጓደኛችን እጅ እንደሆነ ሰምተናል።